ሰርጓጇን የማረከች ዓሣ አጥማጅ

ለመሆኑ ሰንበቴ ተቀምጦ ስለ መርከብ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል? ከተማችን ከቀይ ባሕር ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የምትታወቀው በእሑድ ገበያዋ ነው። ኦሮሞው ማሽላውን፣ አርጎባው ሽመናውን፣ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ አማራው እህሉን ይዞ የሚገናኝባት ገበያ ነች። መልሕቅ የሚጥል ቀርቶ መልሕቅ አይቶ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና መንገዱን ልብ በሉልኝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ በሰንበቴ መሐል የሚሰነጥቀው ጎዳና ከሚሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ሲደርስ በባቲ በኩል ወደ አሰብ ይታጠፋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ይህን ጎዳና የሠራው ለእኛ አዝኖ አልነበረም፤ ባሕሩን ከመሐል አገር ጋር ለማሰር ነበር። ከዚያም ወዲህ እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የአሰብ ጭነት መኪና በዚሁ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቃቸው ሾፌሮች ስለ አሰብ ሙቀት የሚያወሩትን ያህል ስለ ባሕሩ አያወሩም ነበር። ባሕሩ ለእኛ የመንገዱ መጨረሻ እንጂ ታሪካችን ያለበት ስፍራ ሆኖ አልተነገረንም።

ስለ ነፃነታችን በተማርነው ታሪክ ውስጥም ያው ነው። የጎጃም አርበኞች አሉ፤ ከረን አለ፤ አምባላጌ አለ፤ ሚያዝያ 27 አለ። ሁሉም ተራራና ሸለቆ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለአንባብያን ላጫውት የፈለግሁት ያ ጦርነት ገና ተራራ ላይ ሳይወጣ በውኃ ላይ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እዚያም ውሳኔ ካመጡት መካከል አንዷ ለጦር ጨርሶ ያልተሠራች፣ ዓሣ ለማጥመድ የተሠራች መርከብ እንደ ነበረች ነው። (ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ በአውሮፓውያኑ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

በስማችን የተጠሩ

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ የተከማቸው የባሕር ኃይሏ ቀላል አልነበረም። 7 ዲስትሮየር የሚባሉ ፈጣን የጦር መርከቦች፣ 8 ሰርጓጅ መርከቦች፣ 5 ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች፣ ከእነሱም ሌላ ያረጁና የታጠቁ ልዩ ልዩ መርከቦች ነበሯት። የዚህ ኃይል ተግባር ግልጽ ነበር፤ ወደ ስዊዝ የሚወስደውን የቀይ ባሕርን መተላለፊያ በእንግሊዝ ላይ መዝጋት።

ከ8ቱ ሰርጓጆች አንዷ “መቀሌ” ትባል ነበር። ይህ እንግዳ ሆኖ እንዳይታያችሁ። ጣሊያን ወረራውን በፈጸመችበት ዘመን ያሠራቻቸውን 17 ሰርጓጆች በወረረችው ምድር ስም ነው የጠራቻቸው። አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ ጎንደር፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ አላጌ፣ ዋቢ ሸበሌ እያለች ሰይማቸዋለች። የኛው ጎረቤት ደሴም አልቀረችም። የሰው አገር ነጥቆ በስሙ መርከብ መሰየም የድል አድራጊ ኩራት ነው። ዕጣቸውን ግን ተመልከቱ፤ ከ17ቱ ጦርነቱን በሕይወት የጨረሰችው “አላጌ” ብቻ ነች።

“መቀሌ” የተሰናበተችው ከሁሉ ቀድማ ነው። ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በታወጀ በ5ኛው ቀን፣ በሱዳን ዳርቻ ከኮራል ድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች። መንሥኤው የጠላት ጥይት አልነበረም። ሰርጓጆቹ ለቀይ ባሕር ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸው ነበር፤ ለማቀዝቀዣው የሚያገለግለው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ግን መርዝ ነው። ባሕር ውስጥ ተዘግተው ሳለ ጋዙ ሲያፈተልክ መርከበኞቹ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ይቃዣሉ፣ ይሞታሉ። መርከቧን መንዳት የሚገባው ሰው አእምሮውን ሲስት መርከቧ ድንጋይ ላይ ብትወጣ ምን ያስደንቃል?

እመቤት ማድሊን

አሁን ወደዚያች ዓሣ አጥማጅ ልመለስ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1934 እንግሊዝ አገር ተሠራች፤ ስሟም “ሌዲ ማድሊን” ነበር፤ እመቤት ማድሊን ማለት ነው። መረብ እየጎተተች ዓሣ የምታወጣ፣ “ትሮውለር” ከሚባሉት ወገን ነበረች። የጦርነቱ ደመና ሲከብድ እ.ኤ.አ. በ1939 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እሷንና ብዙ መሰሎቿን ገዛ። ለገዛቸውም የዕንቁ ስም አወጣላቸው፤ የእሷ ድርሻ “ሙንስቶን” ሆነ።

ለምን ዓሣ አጥማጅ ተፈለገች? ምክንያቱ የሙያ ነው። የዓሣ መርከብ ቀፎዋ ማዕበል የሚችል፣ ሞተሯ ከባድ መረብ ለመጎተት የተሠራ፣ መርከቧም ሳምንታት ከወደብ ርቃ የምትቆይ ነች። ከላይ ያለው ሰፊ ሥራ ቦታዋ መድፍና ቦምብ ለመደርደር ይመቻል። ሰዎቿ ከከባድ ገመድና ከብረት ጋር መታገል ልማዳቸው ነው። በወደብ ውስጥ ትልልቆቹን መርከቦች የሚጎትቱት ጎታች ጀልባዎችም ለዚሁ ምክንያት በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ተመልምለው ለጥበቃ ተሰማርተዋል። የጦር መርከብ ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ የሥራ መርከብ ግን መድፍ ከተገጠመላትና ቀለሟ ከተቀየረ በሳምንታት ውስጥ ትዘምታለች።

ለ“ሙንስቶን” ከፊት አንድ መድፍ ተገጠመላት። ጥቂት መትረየሶች ተሰጧት። ከኋላዋ ባሕር ውስጥ ሰጥመው በተወሰነ ጥልቀት የሚፈነዱ በርሜል መሰል ቦምቦች ተደረደሩ። ከሆዷ በታችም “አስዲክ” የሚባለው መሣሪያ ተተከለ። አስዲክ ድምፅ ወደ ውኃው ይልካል፤ ድምፁ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ አዳማጩ ሰርጓጇ በየት በኩልና በምን ያህል ርቀት እንዳለች ይገምታል። በገደል ፊት ቆሞ ተጣርቶ የገዛ ድምፁን መልሶ የሰማ የኛ አገር እረኛ ይህን ጥበብ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

አዛዧ ሙርማን ይባል ነበር። ማዕረጉ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የሚያወጣው የመኮንን ማዕረግ ሳይሆን መርከበኛ በሙያውና በልምዱ የሚደርስበት ነበር። ሥራቸውም ዝና የማያስገኝ ነበር፤ ኤደን ወደብ አቅራቢያ ወጣ ገባ እያሉ መጠበቅ።

ሰኔ 12 ቀን 1932 ዓ.ም.

“ጋሊሊዮ ጋሊሌይ” የተባለችው ሰርጓጅ ከምጽዋ ወጥታ ኤደን አካባቢ ታደፍጥ ነበር። ሰኔ 9 ቀን “ጄምስ ስቶቭ” የተባለችውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰጠመች። ሰኔ 11 ቀን ደግሞ አንዲት የዩጎዝላቪያ መርከብ አስቁማ ፈትሻ ለቀቀቻት። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለማስቆም የተኮሰችው ጥይት ያለችበትን ስፍራ አሳበቀባት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ያን ዕለት አውሮፕላኖች ፈለጓት፤ በማግሥቱ “ሙንስቶን” ደረሰች።

ሰኔ 12 ቀን ጧት አስዲኩ አስተጋባ። “ሙንስቶን” ቦምቦቿን አራገፈች። ሰርጓጇ ለጊዜው ተሰወረች። ቆይቶ እንደ ገና ተገኘች፤ እንደ ገና ቦምብ ተጣለባት። በዚህን ጊዜ “ጋሊሌይ” ተንሳፍፋ ወጣችና በመድፍ ለመዋጋት ተዘጋጀች።

ሚዛኑን አስቡት። ሰርጓጇ በቁመት 70 ሜትር ያህል ነች፤ ሁለት መድፍ አላት፤ ቶርፔዶም አላት። ዓሣ አጥማጇ በቁመትም በመድፍም ታንሳለች። በወረቀት ላይ የሚሰላ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ማን ማንን እንደሚማርክ ጥያቄ አልነበረውም። ይሁንና “ሙንስቶን” መሸሽ ትታ ቀረበች። ቀርባም በመትረየስና በጠመንጃ የሰርጓጇን መድፈኞች ከመድፋቸው ላይ አባረረች። ከዚያ የመድፏ ጥይት የሰርጓጇን የማዘዣ ማማ መታ። አዛዡ ኮራዶ ናርዲና አብረውት የነበሩ መኮንኖች ወደቁ። ከሰርጓጇ በኩል 16 ሰዎች ሞቱ። መሪ ያጣችው “ጋሊሌይ” እጅ ሰጠች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ፈገግ ያሰኛል። አሸናፊዋ ምርኮዋን መረከብ አልቻለችም! የተማረኩት ከማራኪዎቹ ስለ በዙ “ሙንስቶን” ሰው አሳፍራ መላክ አልቻለችምና “ካንዳሃር” የተባለችው የእንግሊዝ ዲስትሮየር እስክትደርስ ጠበቀች። “ካንዳሃር” መጥታ ሰርጓጇን ወደ ኤደን ጎተተቻት።

ከሰርጓጇ ሆድ የተገኘው ግን ከሰርጓጇ ይበልጥ ዋጋ ነበረው። የትእዛዝ ሰነዶች ተገኙ። በእነዚህ መረጃዎች መሠረት “ጋልቫኒ” የተባለችው ሰርጓጅ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ተጠብቃ ሰኔ 17 ቀን ሰጠመች። “ቶሪቼሊ” ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት በፔሪም ደሴት አካባቢ ከብዙ የጦር መርከቦች ጋር በብርቱ ተዋግታ ሰጥማለች። “መቀሌ”ን ጨምራችሁ ቁጠሩ። ጦርነቱ በታወጀ በ15 ቀን ውስጥ ከ8ቱ ሰርጓጆች 4ቱ አልነበሩም። የቀሩት አራቱ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከምጽዋ ወጥተው አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ገቡ።

የሙዝ መርከቦች

የሥራ መርከብን ማዝመት የእንግሊዝ ብልሃት ብቻ አልነበረም። ጣሊያንም ምጽዋ ላይ ይህንኑ አድርጋለች። “ራምብ” በሚል ስም ከ1 እስከ 4 የተቆጠሩት መርከቦች የጣሊያን መንግሥት የሙዝ ንግድ ድርጅት ንብረት ነበሩ። ስማቸውም ከድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። ሥራቸው ከሶማሊያ እርሻዎች ሙዝ ጭኖ ሳይበላሽ ኢጣሊያ ማድረስ ስለ ነበር ማቀዝቀዣ ያላቸውና ፈጣን ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ “ራምብ 1” እና “ራምብ 2” መድፍ ተገጥሞላቸው የጦር መርከብ ሆኑ፤ “ራምብ 4” የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነች።

የምጽዋ መውደቂያ ሲቃረብ ሁለቱ የታጠቁት የሙዝ መርከቦች በየካቲት 1933 ዓ.ም. ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንዲያመልጡ ታዘዙ። “ራምብ 1” የካቲት 20 ቀን በማልዲቭ ደሴቶች አቅራቢያ “ሊያንደር” ከተባለችው የኒውዚላንድ የጦር መርከብ ጋር ተጋጠመች። የሙዝ መርከብ ከእውነተኛ የጦር መርከብ ጋር ፊት ለፊት ስትገጥም ውጤቱ አይዘገይም፤ ብዙም ሳትቆይ ሰጠመች። “ራምብ 2” ግን አምልጣ ጃፓን፣ ኮቤ ወደብ ገባች። “ራምብ 4” ምጽዋ ላይ ተማረከች።

እንግዲህ የሥራ መርከብ ሁልጊዜ ታሸንፋለች ብዬ አልሰብክም። “ሙንስቶን” ያሸነፈችው ለቦታውና ለሥራው የምትስማማ ስለ ነበረች ነው፤ “ራምብ 1” የጠፋችው ያልሆነችውን እንድትሆን ስለ ተገደደች ነው። የሁለቱም መርከበኞች ግን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ የተሳፈሩባቸው መርከቦች ለእንጀራ እንጂ ለሞት አልተሠሩም።

ከባሕሩ ወደ ጎዳናችን

ይህ ሁሉ ለሰንበቴ ምኗ ነው? እዚህ ላይ ነው መንገዱ የሚታጠፈው።

በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር ብዛት ነበረው፤ ነገር ግን ነዳጁም፣ ጎማውም፣ መለዋወጫውም፣ ጥይቱም ከባሕር ማዶ ነበር የሚመጣው። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ነው። ቀይ ባሕርን መዝጋት የነበረባቸው ሰርጓጆች በ15 ቀን ውስጥ በግማሽ ሲቀንሱ ባሕሩ ለጣሊያን ተዘጋ፤ ለእንግሊዝ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝ ጭነት ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ሲጎርፍ የጣሊያን ጦር ከጎተራው ያለውን እየቆነጠረ ይዋጋ ጀመር። ጎማ የሌለው መኪና በጣርማበር ዳገት አይወጣም፤ ያ ሁሉ ኩራት የፈሰሰበት ጎዳና ጭነት የሌለው ጎዳና ሆነ።

ቀሪው በፍጥነት ሆነ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን ተያዙ። ሚያዝያ 3 ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጣና መሆኑ ቀርቷል ብለው አወጁ፤ በዚህም የአሜሪካ ጭነት መርከቦች እስከ ስዊዝ እንዲሄዱ ተፈቀደ። በዚያው ወር የጄኔራል ፒናር የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ በዚሁ በእኛ ጎዳና ወደ ሰሜን ዘለቀ። አርበኞቻችንም አብረውት ተሰልፈው ነበር። ኮምቦልቻ ደጃፍ ላይ ለቀናት ከተዋጉ በኋላ ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ተያዘች።

የጎዳናው ሌላኛው ጫፍ የተዘጋው በሰኔ ነው። ሰኔ 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ የሕንድ ወታደሮች በሞተር ጀልባ አሰብ ገቡ፤ ከተማዋም ያለ ብዙ ውጊያ ተያዘች። ካጀቧቸው መርከቦች አንዷ “ቻክዲና” ነበረች። እሷም እንደ “ሙንስቶን” የጦር ልጅ አይደለችም፤ የሕንድ ውቅያኖስ የንግድ መርከብ ነበረች። አሰብ በጣሊያን እጅ የቀረች የመጨረሻዋ የቀይ ባሕር ወደብ ስለ ነበረች የዚያ ባሕር ጦርነት እዚያው አበቃ።

የሥራ ዕቃ ሲዘምት

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነን። የኛ አገር ጦር ከጥንት ጀምሮ የሥራ ሰው ጦር ነው። ክተት ሲታወጅ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ ጦሩን ያወርዳል፤ እህል የሚጭነው አጋሰስ ስንቅ ይጭናል፤ እንጀራ የምትጋግረዋ ሴት ስንቅ አዘጋጅታ አብራ ትዘምታለች። በ1933ቱ ዘመቻም ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በጎጃም ሲገቡ ጓዙን የተሸከሙት ለንግድ የኖሩ ግመሎች ነበሩ። ከ15 ሺህ በላይ ግመሎች ተሰብስበው ነበር፤ አብዛኞቹ በደጋው ብርድና ዳገት በመንገድ ላይ አለቁ። ለእነዚያ ግመሎች ሐውልት የለም። ለ“ሙንስቶን”ም በኛ አገር መጻሕፍት አንድ መስመር አላጋጠመኝም።

የኋላውንም ታሪካችንን በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል አቋቋምን። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችውንና “ኢትዮጵያ” ብለን የሰየምናትን ትልቅ መርከብ ዋና መርከባችን አደረግን። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ፎቶግራፏን ያስታውሳል። እሷም በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ በመጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። እንደ ገና ለማቋቋም የተወሰነው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅታችን ግን ወደብ አልባ ከሆንን በኋላም ስምና አወቃቀር እየቀያየረ ሠንደቅ ዓላማችንን በባሕር ላይ ይዞ ቆየ። የጦር መርከቧ ስትጠፋ የሥራ መርከቧ ቆየች። ስለ ባሕር ስንመኝና ስንከራከር የምናስበው መድፍ ያለውን መርከብ ነው፤ ብሎኑን የሚያጠብቀው ሜካኒክ፣ ገመዱን የሚወረውረው የወደብ ሠራተኛ፣ ትልቁን መርከብ ወደ ዳር የሚያስጠጋው ጎታች ጀልባ ትዝ አይሉንም። የባሕር ጉልበት ግን ከእነሱ ይጀምራል። አሰብና ምጽዋ ሠርተው የተመለሱ የኛ ሰዎች በየከተማው አሉ፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ የሚያውቁትን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ ይዘውት መሄዳቸው ነው። ወደብ በስምምነት ወይም በገንዘብ ሊገኝ ይችላል፤ የባሕር ሙያ ግን ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ በገንዘብ ተመልሶ አይገኝም።

“ሙንስቶን” ጦርነቱን በሕይወት ጨረሰች። ሰላም ሲሆን መድፏ ተነቀለ፤ ተሸጠች፤ ሌላ ስም ተሰጣት፤ ወደ ዓሣ ሥራዋም ተመለሰች። የማረከቻት “ጋሊሌይ” ደግሞ በእንግሊዝ እጅ ለማሠልጠኛ አገልግላ እ.ኤ.አ. በ1946 ተቆራረጠች።